ሶልት ፎርክ የሚደረገው የኦሃዮ ቢግፉት ኮንፈረንስ፦ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ምክር

የሚኪ_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮሎምበስ ነው። የ13 ዓመቱ ልጄ ሜይ መጀመሪያ ላይ ሶልት ፎርክ ፓርክ ውስጥ የሚደረገውን የቢግፉት (ጫካ ውስጥ ይኖራል የሚባለው ትልቅ፣ ፀጉራም፣ ሰው መሰል ፍጥረት) ኮንፈረንስ ማየት ይፈልጋል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ፍጥረቱ አለ የለም ብላችሁ እንድትከራከሩልኝ አይደለም የጻፍኩት፣ የሚሠራ ምክር ፈልጌ ነው። ደርሶ መልስ ይበቃል ወይስ ማደር ይሻላል? ከንግግሩ ሌላ ለልጅ የሚሆን ምን አለ? ልጁ የእግር ዳና በጀሶ ማውጣት መማር ይፈልጋል፤ ምን ያህል ጀሶ፣ ምን ያህል ውሃ? ማታ ጫካ የሚገቡ አሉ ይባላል፤ ልጅ ይዞ ይገባል ወይ? ደግሞ እኔ በነገሩ አላምንም፤ ሰው ሳላስቀይም ምን ብዬ ልጠይቅ?

መንገደኛ_70፦

እህቴ፣ ከመንገዱ ልጀምርልሽ። አይ-70ን ይዘሽ ወደ ምሥራቅ፣ ኬምብሪጅ አጠገብ ከአይ-77 ጋር ሲገናኝ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ መውጫ 47 ላይ ወርደሽ በዩኤስ-22 ወደ ምሥራቅ። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጂፒኤሱ ላይ የፓርኩን ስም ብቻ ከጻፍሽ ካምፕ ቦታው ወይም ጀልባ ማቆሚያው ጋ ሊያደርስሽ ይችላል። ፓርኩ ከ17 ሺህ ኤከር በላይ ነው፤ ከኦሃዮ ስቴት ፓርኮች ትልቁ እሱ ነው። ስለዚህ «ሶልት ፎርክ ሎጅ» ብለሽ ጻፊ፤ የፓርኩ ሆቴል ነው፣ ጉባኤው የሚካሄደው እዚያ ነው። ከፓርኩ መግቢያ እስከ ሎጁ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ሲመሽ ደግሞ አጋዘን ዘሎ ይገባበታል፤ ቀስ ብለሽ ንጂ። በሸለቆዎቹ መሀል ስልክ ስለሚቆራረጥ ካርታውን ከቤት ሳትወጪ አውርጂው።

ማደሩን እመክራለሁ። ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ንግግሩ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ ይዘልቃል። ደርሶ መልስ ካደረግሽው ወይ ጠዋቱ ያመልጣችኋል፣ ወይ በድካም ሌሊት ትነጃለሽ። አርብ ማታ ገብቶ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መመለስ ለልጅ በቂ ነው። ሎጁ በዚያ ሰሞን ቀድሞ ይሞላል፤ ክፍል ካጣሽ ኬምብሪጅ ከተማ በአይ-70 መውጫ 178 ዙሪያ ሆቴሎች አሉ። ድንኳን ለምትችሉ የፓርኩ ካምፕ ቦታም አለ፤ ነገር ግን ሜይ መጀመሪያ ላይ ሌሊቱ 45 ፋራናይት አካባቢ ሊወርድ ይችላል፣ ዝናቡም ብዙ ነው።

ትኬቱን በር ላይ አገኛለሁ ብለሽ እንዳትሄጂ። የአዳራሹ ወንበር ውሱን ነው። ቀኑን፣ ዋጋውን፣ የልጅ ትኬት መኖር አለመኖሩን፣ የሻጮቹን ጠረጴዛ ብቻ ለማየት ትኬት ያስፈልግ እንደሆነ ከአዘጋጆቹ ገጽ አረጋግጪ፤ ይህ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ትኬት ተርፎኛል» ከሚል ከማይታወቅ ሰው አትግዢ።

ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ያዢ፣ የአምስትና የአሥር ዶላር ኖት በዛ ያለ። ኔትወርኩ ሲጨናነቅ የሻጮቹ የካርድ ማሽን ይቆማል፤ አንድ ቲሸርት ለመግዛት ሃያ ደቂቃ መሰለፍ ይመጣል።

አዳራሽ ውስጥ ኮሪደሩ ዳር ተቀመጡ። አንድ ንግግር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ ሁሉንም ቁጭ ብሎ አይሰማም። ፕሮግራሙን አይቶ ሁለት ወይም ሦስት ይምረጥ። በሌላው ሰዓት ጠረጴዛዎቹን ዙሩ፤ የዳና ቅርጾቹን በእጅ ማየት፣ ባለቤቶቹን ማነጋገር የሚቻለው እዚያ ነው። ለልጅ ከመድረኩ ይልቅ ጠረጴዛው ይሻላል፣ ለአዋቂም እንደዚያው ይመስለኛል።

አበበ_ዚ፦

በመንገደኛ ላይ አንድ ልጨምር፦ ጠረጴዛዎቹን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰዉ አዳራሽ ሲገባ ዙሩ። በእረፍት ሰዓት ከሆነ ትከሻ ለትከሻ ነው፤ ሻጩም ተረጋግቶ አያወራችሁም።

ጀሶ_በእጄ፦

ስለ ጀሶው እኔ ልመልስ። ኮንፈረንሱን አትጠብቁ፤ እቤት ጓሮ ውስጥ ልጁ እርጥብ አፈር በባዶ እግሩ ይርገጥና በራሱ ዳና ይለማመድ። እንዲህ ሲያደርግ ትክክለኛው እግር እጁ ላይ ስላለ ቅርጹ የቱ ጋ እንደዋሸ ያያል። ይህን ያልሠራ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ቅርጾችን ሲያይ ምን እንደሚያይ አያውቅም።

ሁለት ዓይነት ጀሶ አለ። ተራው፣ ሀርድዌር መደብር የሚሸጠው፣ ርካሽ ነው፣ ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ ጥቃቅን ነገርም አይዝም። የጥርስ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ዴንታል ስቶን የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ፖሊሶች የጫማ አሻራ የሚያወጡት በእሱ ነው። ለልምምድ ተራው ይበቃል።

ልኬት። ለተራው ጀሶ ሁለት ኩባያ ዱቄት ለአንድ ኩባያ ውሃ። ዱቄቱ ነው ውሃው ላይ የሚነሰነሰው፣ ውሃው ዱቄቱ ላይ አይፈስም፤ ካልሆነ ይጓጉላል። ለዴንታል ስቶን 900 ግራም ዱቄት ለ350 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ ዱቄቱን ትልቅ ዚፕሎክ ከረጢት ውስጥ አስቀድማችሁ መዝኑት፣ ቦታው ላይ ውሃውን ጨምሮ ከውጭ እያሹ መደባለቅ ነው። ለልጁ እግር አንድ ኪሎ ተራ ጀሶ ይተርፋል። ቢግፉት ነው እንደሚባለው ዓይነት 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 18 ስፋት፣ 3 ጥልቀት ላለው ጉድጓድ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ተራ ጀሶ፣ ወይም ሦስት ኪሎ ዴንታል ስቶን ያዙ። ብዙ ሰው አንድ ኪሎ ይዞ ይሄድና ተረከዙን ሞልቶ ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ያልቅበታል። ከዚያ ሁለተኛ ዙር ሲበጠብጥ የመጀመሪያው ደርቋል፤ ሁለቱ አይያያዙም፣ ሲነሳ ለሁለት ይከፈላል።

ከማፍሰስ በፊት ፎቶ። ጀሶው ዳናውን ያጠፋዋልና ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም። ማስመሪያው ከአፈሩ ገጽ ላይ ሳይሆን ከዳናው ወለል ጋር እኩል ጥልቀት ላይ ይቀመጥ፤ ከፍ ካለ ዳናው ከእውነተኛው መጠን ያነሰ ይመስላል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ። ከዚያ በጃኬት አጥልታችሁ የእጅ ባትሪውን መሬት ጠጋ አድርጋችሁ ከአራቱም አቅጣጫ እያበራችሁ አንሱ፤ ጎን ለጎን የሚመጣ ብርሃን ከላይ የማይታየውን ጠርዝ ያወጣዋል። አንድ ዳና ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያሉትን፣ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት ለኩ።

ከላይ የወደቀ ቅጠል ይነሳ፤ ተረግጦ የገባ ቅጠል ወይም ጠጠር ግን አይነካ፣ ሲነቀል ወለሉን ይዞ ይወጣል። አፈሩ ብናኝ ከሆነ የፀጉር ስፕሬይ ከሩቅ ወደ ላይ ነፍታችሁ እንደ ጤዛ ይረፍበት፤ በቀጥታ ከተነፋ አየሩ ራሱ ዳናውን ያፈርሰዋል። ቦታው ዘቅዛቃ ከሆነ ዙሪያውን በካርቶን ክለሉ።

ድብልቁ ከማንኪያ ላይ ሳይቆራረጥ የሚወርድ፣ ግን ውሃ ያልሆነ ይሁን። በኃይል አትምቱት፤ የገባው አየር ጣቶቹ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ስታፈሱ ዳናው ላይ በቀጥታ አይደለም፤ ከተረከዙ ዳር ማንኪያ ደግናችሁ ማንኪያው ላይ አውርዱት፣ እየተንሸራተተ ራሱ ይሙላ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሞላ ቀጫጭን እንጨት ወይም የሽቦ መረብ ጣል አድርጉበት፤ ተራ ጀሶ ያለዚያ የውስጥ እግሩ ቅስት ላይ ይሰበራል። ከዚያ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ሙሉት። ጀርባው ሳይደርቅ ቀን፣ ቦታ፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ እግሩ ያመራበት አቅጣጫ በስንጥር ይጻፍበት።

ዴንታል ስቶን ግማሽ ሰዓት፣ ተራው ቀዝቃዛ መሬት ላይ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ቁንጥር ጨው ያፋጥነዋል፣ ግን ያዳክመዋል። ሲነሳ ጠርዙን ይዞ መጎተት የለም፤ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ርቀት ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ ከሥር አንሱት። አፈሩን እዚያው አታጥቡት። ሁለት ቀን ጋዜጣ ላይ ተንጋሎ ይደርና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ገና እርጥብ እያለ በጥርስ ብሩሽ የታሸ ቅርጽ የብሩሹን መስመር ይይዛል፤ ያንን መስመር ደግሞ በኋላ የቆዳ መስመር ነው የሚል አይጠፋም። ጀሶ በጣም ደረቅ፣ ብናኝ አፈር ላይ ሲፈስም አፈሩ ውሃውን ይመጠውና ፊቱ ላይ የጣት አሻራ የሚመስል ሽንትር ይፈጠራል። ጓሮ ውስጥ ደረቅ አፈር ላይ እንጨት ተጭናችሁ ሞክሩት፤ እንጨት የቆዳ መስመር የለውም።

ሁለት ጥንቃቄ። ዱቄቱ ሳንባ ይገባልና ሲነሰነስ ማስክ ይደረግ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ልጁ እጁን ወይም እግሩን ጀሶ ውስጥ ነክሮ ቅርጽ ላውጣ ካለ ፈጽሞ አትፍቀጂ። ጀሶ ሲጠነክር ይግላል፤ ወፍራም ከሆነ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፣ ከጠነከረ ወዲያ ደግሞ እጅ አይወጣም። ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

ፓርኩ ውስጥ ለመቆፈር ግን የፓርኩን ሠራተኞች ቀድማችሁ ጠይቁ። የሕዝብ መሬት ነው።

ጉጉት_ሰሚ፦

ስለ ማታው ጫካ። አዘጋጆቹ ወይም ፓርኩ የሚመሩት የእግር ጉዞ ካለ በእሱ ግቡ። አዳራሽ ውስጥ የተዋወቃችሁት ሰው «ጥሩ ቦታ አውቃለሁ» ስላለ ልጅ ይዞ መከተል የለም፤ ይህ ከቢግፉት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ከማንም ጋር አይደረግም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ፍጥረቱን ለመፈለግ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ቅዳሜና እሁድ የኮንፈረንሱ ነው። ብዙ ሰው አንድ ጫካ ውስጥ ገብቶ ግንድ በዱላ ይመታል፣ ይጮኻል፣ መልስ ይጠብቃል። ከማዶ ሸለቆ የመለሰልህ ሌላ ትኬት የገዛ ሰው ነው። በደመራ ማታ መስቀል አደባባይ ላይ ጓደኛን በፉጨት እንደመፈለግ ነው። ስለዚህ ማታውን ለመስማት ልምምድ ተጠቀሙበት።

ልጁ ከመሄዱ በፊት የእነዚህን ድምፅ በቤት ይስማ፦ ባርድ አውል የሚባለው ጉጉት ስምንት ምት ያለው ጩኸት አለው፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ዝንጀሮ የሚስቅ የሚመስል ሁካታ ያሰማሉ፣ ኦሃዮ ጫካ ውስጥ «ዝንጀሮ ሰማሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሰማው እሱን ነው። ቀይ ቀበሮ የምትጮኸው ሴት የተወጋች ያህል ነው። ካዮቲ የሚባሉት ተኩላ መሰል የዱር ውሾች ሁለት ሦስት ሆነው አሥር ይመስላሉ። አጋዘን ሲደነግጥ በአፍንጫው ፉፍ ብሎ ያስነጥሳል፤ በጨለማ፣ በአሥር ሜትር ርቀት፣ ልብ ያቆማል።

መቅጃ ከያዘ ስልክ ሳይሆን ትንሽ የድምፅ መቅጃ፣ ፎርማቱ ኤምፒ3 ሳይሆን ዋቭ፣ 48 ኪሎ ኸርትዝ። ኤምፒ3 ፋይሉን ለማሳነስ ድምፁን ስለሚቆርጠው በኋላ ሲተነተን የጎደለው ምን እንደሆነ አይታወቅም። የንፋስ መከላከያ ስፖንጅ ይደረግለት። መቅዳት ሲጀምር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን በድምፁ ይናገር፤ እሱ ራሱ ሲያስልና ሲራመድም «እኔ ነኝ» ይበል። ይህ ቢዘለል ጠዋት ላይ የራስን ኮቴ ተአምር ብሎ መስማት ይመጣል።

የሚያበራ ዓይን ደግሞ ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። የእጅ ባትሪውን ግንባሩ ላይ፣ ከዓይኑ እኩል ሲይዘው የአጋዘንና የራኩን (ሌሊት የሚወጣ ትንሽ የዱር እንስሳ) ዓይን መልሶ ያበራል፤ ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ንጣፍ አላቸው። ሰውም ጦጣም ዝንጀሮም ያ ንጣፍ የላቸውም። ትልቅ ዝንጀሮ መሰል ነው የሚሉት ፍጥረት ዓይኑ እንዴት እንደሚያበራ ልጁ ተናጋሪዎቹን ይጠይቅ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሳቸውም ይለያያል።

ቀን ለመሄድ ሆሳክስ ኬቭ የሚባለው የአለት ዋሻና ሞርጋንስ ኖብ የሚባለው ኮረብታ አሉ፤ ሁለቱም በቢግፉት ፈላጊዎች ዘንድ ስማቸው ይነሳል። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካኑ አቆጣጠር 8፡25 አካባቢ ስለሆነ ከሰዓት ጊዜ አላችሁ። ዋሻው ያለበት አለት እርጥብ ሲሆን ያዳልጣል፤ ስኒከር ሳይሆን ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ።

አሁን ከቢግፉት ይልቅ በእርግጥ ወደሚያገኛችሁ ነገር። መዥገር። ሜይ ላይ ኦሃዮ ውስጥ ሞልቷል፣ ላይም በሽታ የሚያስተላልፈው ዓይነትም አለ። ረጅም ሱሪ፣ ሱሪው ካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ ልብስና ጫማ ላይ ከአንድ ቀን በፊት ፐርሜትሪን የሚባለው የመዥገር መርዝ፣ 0.5 በመቶው፣ ተነፍቶ ይድረቅ፤ ቆዳ ላይ ግን ፐርሜትሪን አይቀባም፣ ለቆዳ ዲት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን የሚባሉት የነፍሳት መከላከያዎች ናቸው። ማታ ብብት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ጆሮ ጀርባ፣ ፀጉር ሥር ፈትሹ። ተጣብቆ ከተገኘ ቀጭን ወረንጦ ቆዳው ድረስ አስጠግቶ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል ይብሰዋል። ሦስት ሦስት ቅጠል ሆኖ የሚበቅለውን፣ ሲነካ ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክልም አትንኩ።

የመጨረሻው፣ ሰው የሚረሳው፦ ጸደይ በኦሃዮ የዱር ተርኪ አደን ወቅት ነው። አዳኞች ገና ሳይነጋ፣ የቅጠል ቀለም ለብሰው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በፓርኩና በአጠገቡ ባለው የዱር እንስሳት ክልል የትኛው ቦታ ለአደን ክፍት እንደሆነ ጠይቃችሁ እወቁ። ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ ልበሱ፣ የወፍም ሆነ የሌላ እንስሳ ድምፅ እያስመሰላችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ አትግቡ።

ጠርጣራው፦

«ሰው ሳላስቀይም» ላልሽው። አምናለሁ ወይም አላምንም ማለት አይጠበቅብሽም፣ በር ላይ የሚጠይቅሽም የለም። ሰዎቹን የሚያስቀይማቸው ሳቅ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ደህና ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ እንዲያውም ይወዳሉ።

ጠረጴዛ ላይ ላለ የዳና ቅርጽ፦ ይህ ከመሬት የወጣው ራሱ ነው ወይስ ቅጂ? ቅጂ ከሆነ ስንተኛው? የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ቅጂ ነው፤ ቅጂ የቅጂ ቅጂ ሲሆን ጥቃቅኑ መስመር ይጠፋል፣ አዲስ የአየር ቀዳዳ ይጨመራል። ዳናው ብቻውን ነበር ወይስ በተከታታይ? የእርምጃው ርዝመትስ? ከቅርጹ ጋር ማስመሪያ ያለበት ፎቶ አለ? አንድ ብቻውን የተገኘ፣ ፎቶ የሌለው ቅርጽ ጌጥ ነው። ድብ ሲራመድ የኋላ እግሩን የፊቱ ዳና ላይ በከፊል ስለሚያሳርፍ ሁለቱ ተደርበው አንድ ረጅም፣ አምስት ጣት ያለው የሰው እግር ይመስላሉ። ስለዚህ ቅስቱ መሀል ላይ የተሰበረ መስመር ካለ የት እንደተደራረበ ይፈልግ። ጥቁር ድብ ኦሃዮ ውስጥ ጥቂት ነው፣ ግን ከምሥራቁ በኩል ብቅ ይላል።

1967 ኦክቶበር 20 ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ብላፍ ክሪክ ላይ ሮጀር ፓተርሰንና ቦብ ጊምሊን ያነሱት፣ ቢግፉት ሲራመድ ያሳያል የሚባለው ፊልም መነሳቱ አይቀርም። ክርክሩን ለመከታተል ልጁ አንድ ነገር ይያዝ፦ ፊልሙ 954 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፣ ካሜራው ግን በሴኮንድ ስንት ፍሬም እየቀዳ እንደነበር በእርግጠኝነት አይታወቅም። በ16 ከሆነ ወደ 60 ሴኮንድ፣ በ24 ከሆነ ወደ 40 ሴኮንድ ይሆናል። ያው እርምጃ በአንዱ ከባድ፣ በሌላው የተራ ሰው አካሄድ ይመስላል። «ሰው እንዲህ አይራመድም» የሚል ተናጋሪ ሲመጣ «በስንት ፍሬም አስልተውት ነው?» ማለት በቂ ነው።

ስለ ፀጉር ናሙና ለሚነገረውም መለኪያ አለ። ፒተር በርን የተባለው ፈላጊ የላከውን ፀጉር ኤፍቢአይ መርምሮ በ1977 የአጋዘን ነው ብሎ መልሷል፤ ሰነዱ በ2019 ይፋ ሆኗል። በ2014 የኦክስፎርዱ የዘረመል ተመራማሪ ብራያን ሳይክስና ባልደረቦቹ ከልዩ ልዩ አገር ከተላከላቸው ፀጉር ውጤት የሰጡት 30ዎቹ ሁሉ የታወቀ እንስሳ ሆነው ተገኝተዋል፦ ድብ፣ ላም፣ ፈረስ፣ አንዱ የሰው። «ናሙናውን ላኩ፣ ግን ውጤቱን ደበቁት» ሲባል ከሰማችሁ የትኛው ላብራቶሪ፣ መቼ፣ ሪፖርቱን ማየት ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ማኅበረሰቡ ራሱ አንድ አይደለም። ገና ያልተመዘገበ ትልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ነው፣ ሥጋና ደም ነው የሚሉ አሉ፤ ከሌላ ዓለም የሚመጣ፣ ከብርሃን ኳስ ጋር የሚታይ፣ በሐሳብ የሚያናግር ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱ እርስ በርስ አይዋደዱም። ለአንዱ ወገን የሌላውን ጥያቄ ካቀረባችሁ የምታገኙት መልስ ቁጣ ነው፤ ንግግሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከርዕሱ ይታወቃል።

አየሁ የሚል ሰው ሲያወራ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። አታቋርጡት። ሲጨርስ፦ ርቀቱ ስንት ነበር? ብርሃኑስ? ስንት ሴኮንድ ያህል? ቁመቱን ከምን ጋር አነጻጸርከው? «ስምንት ጫማ ነበር» ብቻውን ምንም አይልም፤ «ትከሻው እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ደርሶ ነበር» ካለ በኋላ ሄዶ ቅርንጫፉን መለካት ይቻላል። «ድብ ሊሆን አይችልም ወይ?» ብሎ መጀመር ግን ሰውየውን ይዘጋዋል፤ መልስ ከማቀበል ይልቅ «ጆሮው ይታይ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የድብ ጆሮ ጎልቶ ይታያልና መልሱን ራሱ ይሰጣችኋል። ሳያስፈቅዱ ድምፅ መቅዳት ነውር ነው።

ቢኤፍአርኦ የሚባለው፣ በ1995 የተመሠረተው የቢግፉት ፈላጊዎች ቡድን «አየሁ፣ ሰማሁ» የሚሉ ሪፖርቶችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይከፍላል። ብዙ ሰው ኤ ሲባል «የተረጋገጠ» ይመስለዋል፤ አይደለም። ኤ ማለት በሌላ እንስሳ የመሳሳት ዕድሉ አነስተኛ የሆነ፣ በግልጽ አየሁ የተባለ ማለት ነው፤ ቢ ድምፅ የተሰማበት ወይም በደንብ ያልታየበት፤ ሲ ከሌላ ሰው የተሰማ። ተናጋሪው ውሸታም ይሁን እውነተኛ ምደባው አይነግራችሁም።

የሚኪ_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አርብ እንጾማለን፣ አሳማም አንበላም፤ እዚያ ምን ይገኛል? ሁለተኛ፣ ልጁ ሎጁ ጋ ተፈቅዶለት ጀሶ ከሠራ ባልዲውን የት ነው የማጥበው?

መንገደኛ_70፦

የአርቡ ጾም ብዙ ዓመት አያስቸግርሽም። ሜይ መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕም አርብም አይጾምም። በ2027 ለሚያስብ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ፋሲካ ሜይ 2 ስለሚውል የኮንፈረንሱ አርብ ስቅለት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያን ዓመት ቀኑን ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ።

አሳማን በተመለከተ፣ ውጭ ከሚጠብሱ ሻጮች የዶሮና የበሬ ብትሉም መጥበሻው አንድ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ቀላሉ ይዞ መሄድ ነው፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በቴርሞስ ሻይ፣ ለቅዳሜ ምሳ ሳንድዊች በማቀዝቀዣ ሳጥን። ካምፕ የምታድሩ ከሆነ ምግቡ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ ራኩን ዚፕ ይከፍታል፣ ሌሊት ድንኳን አጠገብ የሚሰማውም ኮሽታ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እሱ ነው።

ጀሶ_በእጄ፦

መታጠቢያ ቤት ውስጥ በፍጹም። ጀሶ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል፤ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ከደነደነ ቧንቧው ይቆረጣል እንጂ አይጸዳም፣ ሂሳቡም ለእናንተ ነው የሚመጣው። የተረፈው ባልዲው ውስጥ እንዳለ ይድረቅ። ባልዲው ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑን ስትጨምቁት ተሰነጣጥቆ ይወጣል፣ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። የእጁንና የማንኪያውን ቅሪት መጀመሪያ በወረቀት ጥረጉ፣ ከዚያ ሌላ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይታጠብ፤ ያ ውሃ አንድ ሌሊት ሲቀመጥ ጀሶው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራውን ደፍታችሁ ዝቃጩን ከቆሻሻው ጋር ጣሉት።